«እሺ» ያልኩበት ቀን

ስልኩ ሲጮኽ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ሌሎቹ ወጥተዋል። ቦሌ አካባቢ ባለች አንዲት አነስተኛ የጭነት አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ከተቀጠርኩ ገና አራተኛ ወር ነው። የደወለው ሰው አውሮፓ ካለ የአበባ ገዢ ወገን ነው፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤ እንግሊዝኛ ለእሱም እንደ እኔው በትምህርት ያገኘው ቋንቋ ነው። በማግስቱ ማታ የሚጫን ጽጌረዳ እንዳለ ነገረኝና የካርቶኑን ብዛት ጠራልኝ። ፊፍቲን ይበል ፊፍቲ አልለየሁትም። «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም ነበር። ግን ቋንቋ አትችልም እንዳይለኝ ፈራሁ። «ኦኬ፣ ኦኬ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያም ለ15 ካርቶን ቦታ ያዝኩ።

በማግስቱ ማታ ከዝዋይ በኩል የመጣው ማቀዝቀዣ ያለው መኪና 50 ካርቶን ይዞ ቆመ። በረራው ሙሉ ነበር፤ 35ቱ ካርቶን ቀረ። ሹፌሩ ቁልሉን እያየ «እህቴ፣ እኔ እንግዲህ የጫኑልኝን ነው ያመጣሁት» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያመመኝ። አበባ ይደር ተብሎ የሚተው ዕቃ አይደለም። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ዕድሜው እያለቀ ነው፤ ቀዝቃዛ ክፍል ቢገባም ያለፈው ቀን አይመለስለትም። ከእነዚያ ካርቶኖች ጀርባ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ሲቆርጡና ሲያስሩ የዋሉ ሴቶች እንዳሉ አውቃለሁ። ከድካማቸው ከግማሽ በላዩን ያስቀረው የእኔ አንድ «ኦኬ» ነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ገዛሁና ጭነት አውሮፕላን ላይ እንዴት እንደሚጫን የሚያሳይ ቪዲዮ ፈለግኩ። ሐሳቤ የሥራዬን ቃላት ማጥናት ነበር፤ ፓሌት (ጭነት የሚደረደርበት)፣ ቡኪንግ (ቦታ መያዝ)፣ ኦፍሎድ (ጭነትን ከበረራ ማስቀረት)፣ ኤርዌይ ቢል (የአየር ጭነት ሰነድ) የሚሉትን በየቀኑ እየጠራኋቸው ከጀርባቸው ያለውን አሠራር በቅጡ አላውቀውም። አንዱ ቪዲዮ ሌላውን እየጠራ፣ አየር መንገዶች ትርፋቸውን እንዴት እንደሚያሰሉ፣ ለምን አውሮፕላን ከመግዛት ይልቅ እንደሚከራዩ ሲያወራ ቆየና፣ በመጨረሻ አብራሪና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ በራዲዮ ሲነጋገሩ የተቀዳ ድምፅ ላይ ደረስኩ። ስተኛ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

የራዲዮውን ቅጂ መጀመሪያ ስሰማው ከአሥር ቃል ሁለቱን እንኳ አልያዝኩም። ድምፁ ይሻክራል፣ ቁጥር በቁጥር ላይ ይደራረባል፣ ሰዎቹ ለመተንፈስም የሚቆሙ አይመስሉም። በየሌሊቱ ትንሽ በትንሽ ያዝኩት። ፍጥነቱን ወደ ሦስት አራተኛ አወርደዋለሁ፤ ከታች የሚጻፈውን እደብቃለሁ፤ የሰማሁትን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ከዚያ ጽሑፉን ገልጬ አስተያያለሁ። ማሽን የሚጽፈውን ማመን ግን አይገባም፤ የአቪየሽን ቃል ሲመጣበት የመጣለትን ነው የሚጽፈው። ሰው አዳምጦ የጻፈባቸውን ቪዲዮዎች መለየት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ሌላ ነገር ጨመርኩ፦ ተቆጣጣሪው ትእዛዙን ሲጨርስ ቪዲዮውን አቁሜ፣ አብራሪው ከመመለሱ በፊት እኔ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከወዲያኛው አልጋ «አንቺ፣ ከማን ጋር ነው የምታወሪው?» ይለኝ ነበር።

ከሁሉ በፊት የያዘኝ «ሮጀር» የሚለው ቃል ነው። እኔ «እሺ» ማለት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። «ሮጀር» ማለት «ያልከውን በሙሉ ሰምቻለሁ» ማለት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። አደርገዋለሁ ማለት አይደለም፤ ተስማምቻለሁ ማለትም አይደለም። «ገብቶኛል፣ እንዳልከኝ እፈጽማለሁ» ለማለት «ዊልኮ» የሚባል የራሱ ቃል አለው። «አዎ» ለማለት «አፈርም» አለ። «ስታንድባይ» ደግሞ «ቆይ፣ እጠራሃለሁ» ነው፤ ፈቃድም ክልከላም የለበትም። የእኛ «እሺ» እነዚህን ሁሉ ባንድ ላይ ይዟል። እናቴ «ነገ በጠዋት አክስትሽ ጋ ትሄጃለሽ» ስትለኝ እሺ እላለሁ። ሰማሁ ማለቴ ሊሆን ይችላል፤ እሄዳለሁ ማለቴም ይሆናል፤ አሁን ተይኝ ማለቴም ይሆናል። እሷ ከድምፄ ትለየዋለች። ዓይንና ፊት ባለበት «እሺ» ድንቅ ቃል ነው፤ እንዲቀርብን አልመኝም። ስልክና ራዲዮ ላይ ግን ዓይኑ የለም።

ከእሱ የባሰ ደግሞ በትንፋሽ የምንለው «አዎ» አለ፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግና ያበቃል። እኛ ምንም አይመስለንም፤ የውጭ ሰው ሲሰማው ደንግጠን ይመስለዋል። እኔ በስልክ ስንት ጊዜ በትንፋሽ አዎ እንዳልኩ የታወቀኝ ከዚህ በኋላ ነው። ያኛው ወገን የሰማው ዝምታ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ አንድ ሕግ አለ። ከፍታ፣ አቅጣጫ፣ የማኮብኮቢያ ቁጥር፣ የመነሳትና የማረፍ ፈቃድ የመሳሰሉት ትእዛዞች ሲሰጡ «ሮጀር» ብቻ ብሎ ማለፍ አይቻልም። አብራሪው የተባለውን ራሱ ደግሞ ማንበብ አለበት፤ ይህን ሪድባክ ይሉታል። ተቆጣጣሪው ደግሞ የተመለሰለት ቃል እሱ ያለው መሆኑን አዳምጦ ማረጋገጥ አለበት፤ ያኛው ሂርባክ ነው። የመስማማት ሸክሙ በሁለቱም ትከሻ ላይ ነው። ያቺ ስልክ የተደወለች ቀን እኔ አልደገምኩም፣ እሱም ድገሚልኝ አላለኝም። ሁለታችንም በአንድ «ኦኬ» ተለያየን።

በዚህ ቃል ምክንያት ሰው ያለቀበትን ታሪክ ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1977 በስፔን የካናሪ ደሴቶች፣ ቴነሪፍ ላይ። ግራን ካናሪያ ያለው ትልቁ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ ቦምብ በመፈንዳቱ ብዙ አውሮፕላኖች ሎስ ሮዴዮስ ወደሚባለው ትንሽ ማረፊያ ተልከው ተጨናንቀዋል። ከመካከላቸው የኔዘርላንዱ አየር መንገድ የኬኤልኤምና የአሜሪካው የፓን አም ሁለት ቦይንግ 747ዎች ነበሩ። ጉም ወርዶ ማኮብኮቢያውን ሸፍኖታል። ኬኤልኤም ጫፍ ላይ ደርሶ ለመነሳት ዞሯል፤ ፓን አም በዚያው ማኮብኮቢያ ላይ ገና እየተጓዘ ነው። የኬኤልኤም ረዳት አብራሪ «አሁን መነሻ ላይ ነን» የሚል ሊመስል የሚችል፣ «እየተነሳን ነው» ተብሎም ሊሰማ የሚችል ነገር ተናገረ። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። ቀጥሎም «ለመነሳት ጠብቁ፣ እጠራችኋለሁ» አለ። በዚያችው ቅጽበት የፓን አም አብራሪዎች «እኛ ገና ማኮብኮቢያው ላይ ነን» ብለው ጠሩ። ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ ራዲዮ ሲይዝ ድምፁ ይጋጭና ፉጨት ብቻ ይሰማል። የኬኤልኤም ሰዎች ጆሮ ላይ ጥርት ብላ የደረሰችው «ኦኬ» ብቻ ነበረች።

የበረራ መሐንዲሱ ተጠራጥሮ ነበር። ፓን አም ከማኮብኮቢያው አልወጣም እንዴ፣ ብሎ ጠየቀ። ዋናው አብራሪ አንቱ የተባለ ሰው፣ የድርጅቱ ከፍተኛ አሠልጣኝ ነው፤ ወጥቷል ብሎ ቆርጦ መለሰለት። መሐንዲሱ ዝም አለ። 583 ሰው ሞተ። እስከ ዛሬ በአውሮፕላን አደጋ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር የለም።

ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ ነው ያየሁት። በሦስተኛው ከአደጋው ይልቅ የመሐንዲሱ ዝምታ ላይ ቆምኩ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው አንዴ ከተናገረ ደግሞ መጠየቅ ነውር ነው፤ «አልሰማሽኝም?» ይባላል። የክፍሉ ጎበዝ ያልገባውን የሚጠይቀው አይደለም፤ ቶሎ የገባው ነው። ከቴነሪፍ በኋላ በዓለም ዙሪያ የራዲዮ አነጋገር ተጣራ። «ቴክኦፍ» የሚለው ቃል ለመነሳት ፈቃድ ሲሰጥና ፈቃዱ ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር አይነገርም፤ ሌላ ጊዜ ሁሉ «ዲፓርቸር» ይባላል። ዋናውን አብራሪ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ደግሞ መጠየቅም የሥልጠናው አካል ሆነ። ጥያቄን ከድፍረት አውጥተው ግዴታ አደረጉት።

ስለ አነጋገር ካነሳሁ አይቀር ለብዙ ዓመት ያሳፈረኝን ነገር ልናገር። ተማሪ ሳለሁ ሦስትን በእንግሊዝኛ «ትሪ» እያልኩ ነበር የምጠራው፤ ሺህንም «ታውዛንድ»። ምላስን ጥርስ መሀል አድርጎ የሚነገረው ድምፅ በአማርኛ የለንም። አንድ ቀን ክፍል ፊት ቆሜ ቁጥር ስቆጥር መምህሩ አስቁሞኝ ክፍሉ በሙሉ ሳቀብኝ። ከዚያ በኋላ ቁጥር ያለበትን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ እሸሸው ነበር። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪየሽን ድርጅት፣ ኢካኦ የሚባለው፣ ለራዲዮ ያወጣውን የቁጥር አጠራር ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ሦስት «ትሪ» ነው። አራት «ፎወር»፣ አምስት «ፋይፍ»፣ ዘጠኝ «ናይነር»፣ ሺህ «ታውዛንድ»። አገር ሁሉ እንዲለየው ተብሎ እንዲህ ተጻፈ። የተሳቀብኝ አጠራር ሰማይ ላይ ደንብ ነው። ያን ዕለት ማታ ደብተሬን ዘግቼ አለቀስኩ፤ ደስታም ሌላም ነገር ነበረበት።

15 እና 50ም እንዲሁ መፍትሔ ነበራቸው። ራዲዮ ላይ ፊፍቲን የሚባል የለም፤ «ዋን ፋይፍ» ነው። ሃምሳ «ፋይፍ ዚሮ» ነው። ቁጥሩን አንድ በአንድ ስትጠራው የሚምታታ ነገር አይቀርም ማለት ይቻላል።

ማለት ይቻላል የምለው አለምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1989 ፍላይንግ ታይገር የሚባል ድርጅት የጭነት 747 ከሲንጋፖር ተነስቶ ኳላ ላምፑር ሊያርፍ ይቀርባል። ተቆጣጣሪው ወደ 2400 ጫማ እንዲወርድ ሲነግረው «ዲሴንድ ቱ ፎር ዚሮ ዚሮ» አለ። «ቱ» ሁለት ነበረች። አብራሪዎቹ ግን «ወደ» የምትለዋን «ቱ» አድርገው ሰሟት፤ ወደ 400 ጫማ ውረድ። «ኦኬ፣ ፎር ዚሮ ዚሮ» ብለው መለሱ። ስህተቱ እዚያው መልሱ ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ ማንም አላስተካከለውም። አውሮፕላኑ ኮረብታ ላይ ወደቀ፤ ውስጡ የነበሩት አራት ሰዎች ሞቱ። እንደ እኔ ያለ አንድ ሰው የሆነ ቢሮ ተቀምጦ ኤርዌይ ቢሉን ያዘጋጀለት ጭነት ነበር የያዘው። ሪድባክ ያለ ሂርባክ ባዶ መሆኑን ከዚህ በላይ ያስረዳኝ የለም።

እነዚህን ታሪኮች ስጽፍ ሰው ቪዲዮዎቹ ሁሉ ሞት በሞት ይመስሉታል። አይደሉም። ብዙ ቃል የሰበሰብኩት ስለ ንግዱ ከሚያወሩት ነው፤ እነሱን ከአባቴ ጋር ማየት እወዳለሁ። አባቴ ታክሲ ነጂ ነበር። ሰማያዊና ነጭ ላዳውን ቦሌ በር ላይ አቁሞ እንግዳ ሲጠብቅ ያነጋባቸው ሌሊቶች ቁጥር የላቸውም። አውሮፕላን ሲነሳ ሳያይ በድምፁ ይለየዋል። «ይሄ ከባድ ነው፤ ጭኗል» ይላል። ለረጅም ጊዜ ያልተመለሰለት ጥያቄ ነበረው፦ ከአሜሪካ የሚመጡ ተሳፋሪዎቹ ስንሄድ ደብሊን ቆመን ነዳጅ ቀድተን ነው፣ ስንመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ ይሉት ነበር። መንገዱ ያው አይደለም ወይ?

መልሱን ያገኘነው አብረን ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ሞተሩ የሚስበው አየር ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝማል፤ ተሳፋሪም ነዳጅም እስከ አፍ ሞልቶ መነሳት አይቻልም። ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ይመጣል። ዋሽንግተን ግን ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይልም፤ ከዚያ ሲነሳ ጠግቦ ይነሳል፤ ነፋሱም ከኋላ ይገፋዋል። ይህን በአንድ ሐረግ «ሆት ኤንድ ሃይ» ይሉታል፤ ሙቀትና ከፍታ። አየር ሲሞቅ ይበልጥ ስለሚሳሳ ቀዝቃዛ ሌሊት ይሻላል። አባቴ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ቆየና «እኔ እኮ በሌሊት ቶሎ ብድግ እንደሚሉ አውቅ ነበር» አለኝ።

ሎድ ፋክተር ማለት ከቀረበው ወንበር ስንቱ በተሳፋሪ እንደተያዘ መሆኑን፣ ዌት ሊዝ ማለት አውሮፕላኑን ከነሠራተኞቹ መከራየት መሆኑን፣ ኤኦጂ ሲባል ተበላሽቶ መሬት ላይ የቀረ አውሮፕላን መሆኑንና መለዋወጫው ከሌላው ጭነት ሁሉ የሚቀድም መሆኑን ያወቅኩት በእነዚህ ምሽቶች ነው። የመጨረሻው ቃል ለሥራዬ ወርቅ ነበር። ከዚያ በፊት «ኤኦጂ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሳጥን ሲመጣ ሰዉ ለምን እንደሚሯሯጥ አይገባኝም ነበር።

ሰዓት ለብቻው አንድ አንቀጽ ይገባዋል። አቪየሽን በመላው ዓለም አንድ ሰዓት ነው ያለው፤ «ዙሉ» ይባላል። እኛ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከዙሉ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ በራሳችን አቆጣጠር ደግሞ ቀኑን ከንጋት ነው የምንጀምረው። አንድ ወረቀት 0600 ዙሉ ሲል፣ በአዲስ አበባ ፈረንጅ አቆጣጠር 9 ሰዓት፣ በእናቴ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሦስት ዓይነት ሰዓት ለአንድ ቅጽበት። ሥራ ስጀምር ሁለት ጊዜ እየቀየርኩ ራሴን አዞር ነበር። ከቪዲዮዎቹ አንዱን እያየሁ ደብተሬ ላይ ስሞነጫጭር ነው የታየኝ፦ ከዙሉ ላይ ሦስት መቀነስ በቂ ነው፤ የሚቀረው የሐበሻው ሰዓት ነው (ከአሥራ ሁለት ከበለጠ አሥራ ሁለት ይቀነስበታል፣ ከአንድ ካነሰ አሥራ ሁለት ይጨመርበታል)። 1200 ዙሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት። ይህን ለሹፌሮቻችን ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። አሁንም አለ፤ ጠርዙ ተልጧል።

ሳላየው ለረጅም ጊዜ ያለፍኩት አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2019 ከቦሌ ተነስቶ ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ ቢሾፍቱ አካባቢ የወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302። 157 ሰው። ርዕሱ በመጣ ቁጥር ጣቴ ያልፈዋል። የሌላ አገር ሰው ሲሞት ቃል እየለቀምኩ፣ የእኔ ሰው ሲሆን ዓይኔን መጨፈኔ ከነከነኝ። በመጨረሻ አየሁት፤ ከአስፈሪ ሙዚቃ ጋር ከቀረቡት አንዱን ጀምሬ አቋረጥኩት፤ የምርመራውን ሰነድ ተከትሎ ረጋ ብሎ የሚያስረዳውን እስከ መጨረሻው ተከታተልኩ። ከዚያ ወዲህ በሙዚቃና በጩኸት ሐዘንን የሚሸጡ ቪዲዮዎችን አልከፍትም። ቋንቋም አያስተምሩም፤ ድምፁን ያፍኑታል። የምማርበት እያንዳንዱ ሕግ ከበስተጀርባው ሰው ያለበት ነው፤ ይህን ይዞ ማዳመጥ ተገቢ ይመስለኛል።

ቃል አለማክበድ የሚያስከፍለውን ደግሞ ከኮሎምቢያው አየር መንገድ ከአቪያንካ በረራ 52 ነው የተማርኩት። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1990 ከኮሎምቢያ ተነስቶ ኒው ዮርክ ሲደርስ የአየሩ ሁኔታ ከፍቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ሰማይ ላይ ሲዞር ቆየ። ነዳጁ እያለቀ ነው። ረዳት አብራሪው ለተቆጣጣሪዎቹ «ነዳጅ እያለቀብን ነው» አለ፤ «ቅድሚያ» ይሰጠን አለ። ዋናው አብራሪ በስፓንኛ አደጋ ላይ መሆናችንን ንገራቸው ይለዋል። «ሜይዴይ» የምትለዋ የአደጋ ጥሪ ግን ከአፉ አልወጣችም፤ «ኢመርጀንሲ»ም አላለም። ለተቆጣጣሪዎቹ ነዳጅ እየቀነሰ ነው ማለት ከሚያርፍ አውሮፕላን ሁሉ የሚጠበቅ ነገር ነው። ሞተሮቹ ጠፉ፤ ከ158 ሰዎች 73ቱ ሞቱ።

ይህን ሰው ከማንም በላይ እኔ የማውቀው ይመስለኛል። አክስቴ ሆስፒታል ተኝታ፣ ሐኪሙ «እንዴት ነዎት?» ሲላት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ብላ ሌሊቱን በሕመም ስትንፈራፈር ያደረች ሴት ናት። ሰው ላለማስቸገር ሕመማችንን እናሳንሳለን። ይህ ጨዋነት ነው፤ ያሳደጉኝ ሰዎች ሁሉ በእሱ ነው የኖሩት። የሚያዳምጠው ሰው ያንን ጨዋነት ካላወቀ ግን የሚሰማው «ደህና ነኝ» የሚለውን ብቻ ነው። ዛሬ ለነዳጅ ሁለት የተለያዩ አባባሎች ተደንግገዋል። «ሚኒመም ፊውል» ሲባል ከዚህ በላይ መዘግየት አልችልም ማለት ነው፤ ገና አደጋ አይደለም። «ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ሜይዴይ፣ ፊውል» ሲባል ግን ሰማዩ ሁሉ ይለቀቅለታል። ሜይዴይ የመጣችው ከፈረንሳይኛ ነው፣ እርዱኝ ከማለት። ሦስት ጊዜ የምትባለው ለማንም በአጋጣሚ የወጣች ቃል እንዳትመስል ነው። ጨዋ ሰው በሦስተኛው አያፍርም።

ወደ እኔ ልመለስ። የኢካኦ የቋንቋ ደረጃ ስድስት እርከን አለው፤ በዓለም አቀፍ በረራ የሚሠራ አብራሪና ተቆጣጣሪ ቢያንስ አራተኛውን ማግኘት አለበት፤ አራተኛው ላይ ያለ በየሦስት ዓመቱ ደግሞ ይፈተናል። የሚለካው በስድስት ነገር ነው፦ በአነጋገር፣ በሰዋስው፣ በቃላት፣ በቅልጥፍና፣ በመረዳትና ከሰው ጋር በመግባባት። ውጤቱ ግን አማካይ አይደለም፤ ከስድስቱ ዝቅተኛው ነው። ቃላትህ ስድስተኛ ደርሶ መረዳትህ ሦስተኛ ከሆነ አንተ ሦስተኛ ነህ። ይህ አሠራር እንዲመጣ ካደረጉት አደጋዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 በሕንድ ሰማይ ላይ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው 349 ሰው ያለቀበት ነው። የእናት ቋንቋ ቅላጼ ደግሞ ስድስተኛው እርከን ላይም አልተከለከለም፤ ለሰሚው እንቅፋት አይሁን ነው የሚሉት።

እኔን ማንም አይፈትነኝም፤ የምሠራው መሬት ላይ ነው። ቢሆንም ራሴን በዚያ ሚዛን እለካለሁ። ሲጀመር ዝቅተኛዬ አነጋገር ይመስለኝ ነበር። አልነበረም። የመጨረሻው ነበር፣ መግባባት፤ አልሰማሁም ማለት፣ ማረጋገጥ፣ ማስተካከል። ትምህርት ቤት በነበርኩበት ዘመን ሁሉ «ሴይ አጌን» (ድገሙልኝ) እንድል ያስተማረኝ አልነበረም፤ የሚያስመሰግነው ረጅም ቃል ነበር።

ሥራ ላይ መለወጤን መጀመሪያ ያስተዋለው ያ የዝዋይ ሹፌር ነው። ስንት ካርቶን እንደሚያመጣ ነግሬው «እስቲ ይድገሙልኝ» ስለው ቅር አለው። «አታምኚኝም እንዴ እህቴ?» አለኝ። የመጠራጠር አይደለም ብዬ ነገርኩት፤ እንደተሳሳትኩ እሱ ራሱ አይቷል። የፍላይንግ ታይገርንም ታሪክ ነገርኩት፤ ከንፈሩን መጠጠ። ከውጭ ለሚደውሉትም እንደዚያው ነው፤ «ዋን ፋይፍ ወይስ ፋይፍ ዚሮ?» እላለሁ፤ አንድም ሰው ቋንቋ አትችልም ብሎኝ አያውቅም። ብዙዎቹ ድምፃቸው ላላ ይላል፤ ለካ እነሱም ይፈሩ ኖሯል። የኤርዌይ ቢል ቁጥርንም ወድጄዋለሁ። አሥራ አንድ አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አየር መንገዱን ይናገራሉ፣ የኢትዮጵያ 071 ነው። ከዚያ ሰባት አኃዝ ይመጣና የመጨረሻው እነሱ ለሰባት ሲካፈሉ የሚተርፈው ነው። አንዱን ቁጥር ተሳስቼ ብጽፍ ብዙውን ጊዜ የመጨረሻው ያጋልጠኛል። ራሱን መልሶ የሚያነብ ቁጥር ነው።

ባለፈው ሳምንት ማታ ከውጭ ተደወለ። መስመሩ እንደ ጥንቱ ይቆራረጣል። ሰውየው ቁጥሩን ጠራ፤ ደግሜ አነበብኩለት፤ አንዱን አኃዝ አዛብቼ ነበር፤ «ኔጌቲቭ» አለኝና አስተካከለ። እንደገና አነበብኩ። «ኮሬክት» አለ። ስልኩን ዘግቼ ለሹፌሩ ደወልኩ። ከበስተጀርባው የማቀዝቀዣው ሞተር ይሰማል። ነገርኩት፤ ድገሙልኝ ልለው አፌን ስከፍት እሱ ቀድሞኝ ነበር።

«አርባ ስምንት ካርቶን። ነገ ማታ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በፊት በር ላይ። አርባ ስምንት።»

«አርባ ስምንት» አልኩት።